ለኤችፒ 840 ጂ3 ኤስኤስዲ ልገዛ ነው፣ በዋጋው ሚያዋጣኝ የቱ ነው?

ቤቲ_ሂሳብ
ሰላም ለሁላችሁም። ላፕቶፔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፣ ኮር አይ5 6ኛ ጄነሬሽን፣ ራሙ 8 ጂቢ፣ ውስጡ ያለው ግን የድሮው ሚሽከረከረው 500 ጂቢ ሀርድ ዲስክ ነው። ስራዬ ሂሳብ ነው፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪና ኤክሴል ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ክሮምም አለ፣ ከዛ ውጪ ጌም የለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የለ። ታስክ ማናጀር ስከፍት ሲፒዩው ዝቅ ብሎ ራሙ ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻ ሁሌ 100 ፐርሰንት ነው። ኤስኤስዲ (ማይሽከረከረውን ዲስክ) አስገቢበት ሁሉም አለኝ፣ እሺ ብዬ መርካቶ ወጣሁ፣ አንዱ ሱቅ ሳታ ጊዜው አልፎበታል ኤንቪኤምኢ ውሰጂ አለኝ፣ አጠገቡ ያለው ያንቺ ማሽን ኤንቪኤምኢ አይቀበልም ሳታ ነው ሚሆንሽ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ስሙን ሰምቼው ማላውቀውን 1 ቴራ አውጥቶ እነሱ ለ500 ጂቢው ከጠሩት ባነሰ ልስጥሽ አለኝ። ግራ ገብቶኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ሁለቴ መግዛት አልችልም።

ካቻቢቴ
ሁለተኛው ሱቅ ተሳስቷል ቤቲ። ሳታና ኤንቪኤምኢ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር ሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፣ ሳታ የድሮው ኤንቪኤምኢ ፈጣኑ፣ 840 ጂ3 ሁለቱንም ይቀበላል። አሁን ሀርድ ዲስኩ ያለበት 2.5 ኢንች ቦታ የሳታ ነው፣ ከሱ ሌላ ማዘርቦርዱ ላይ ኤም.2 ሚባለው ቀጭን ዲስክ ባለ 80 ሚሊሜትሩ ሚገባባት ስሎት አለች፣ እሷ ላይ ኤንቪኤምኢ ይሰራል፣ ባዮሱም (ማሽኑን ሚያስነሳው ፕሮግራም) ከሱ ቡት ያደርጋል። ሀርድ ዲስክ ይዞ የመጣ ማሽን ከሆነ ክዳኑን ስትከፍቺ ባዶ ሆና ነው ምታገኛት።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ያንቺ ሀርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፣ እሱ ያን ያህል አይከፋም፣ ችግሩ ዊንዶውስም ፒችትሪም ሲነሱ ሚፈልጉት ከየቦታው ብዙ ትናንሽ ቁራጭ ስለሆነ ነው፣ ማንበቢያው እዛና እዚህ ሲመላለስ በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳን ሳይሞላ ይቀራል፣ 100 ፐርሰንት ሚልሽ ለዛ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ ሚሽከረከርም ሚመላለስም ነገር የለም ስለዚህ ሳታም ሁን ኤንቪኤምኢ ከዚህ ይገላግልሻል። ሳታ ጣሪያው 550 አካባቢ ነው፣ ኤንቪኤምኢ ጄን3 (ሶስተኛው ትውልድ) እስከ 3500 ይሄዳል፣ ግን ልዩነቱ ሚታይሽ 50 ጂቢ ፋይል ስትገለብጪ ነው፣ ፒችትሪ ሲከፈት ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ብታዪ እንኳን መለየትሽን እጠራጠራለሁ።

እኔ ብሆን ዋጋቸው ከተቀራረበ ኤንቪኤምኢውን እወስዳለሁ፣ ፍጥነቱን ብዬ ሳይሆን የሳታው ቦታ ነጻ ስለሚቀርልሽ አሮጌው ሀርድ ዲስክ እዛው ሆኖ ባክአፕ ይሆንሻል፣ ነገ ላፕቶፕ ስትቀይሪም አዲሱ ማሽን 2.5 ኢንች ቦታ ላይኖረው ይችላል ኤም.2 ግን አይጠፋበትም።

ጌመሩ_ከሳሪስ
በዚህ ዘመን ሳታ ማን ይገዛል ጀለስ? እህቴ ከገዛሽ አይቀር ጄን4 ባለ 7000 ውሰጂ ተገላገይ፣ እኔ ሳምሰንግ 990 ፕሮ ነው ያስገባሁት በጣም ነው ምመክረው

ካቻቢቴ
@ጌመሩ_ከሳሪስ ያንተ ዴስክቶፕ ጄን4 አለው፣ የሷ 6ኛ ጄነሬሽን ኢንቴል ነው፣ ጄን3 ላይ ነው ሚቆመው። 990 ፕሮ ብታስገባበት ይሰራል፣ ግን ለ7000 ከፍላ ግማሹን እንኳን ላታገኝ ነው፣ ባትሪዋንም ጭኗንም ያሞቅላታል። በዛ ልዩነት ራሙን 16 ታድርገው።

ጌመሩ_ከሳሪስ
እሺ ራሙ ላይ ተስማምተናል 😂

ጋሽ_ትራንዚስተር
ልጄ ቤቲ፣ ካቻቢቴ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አይቶ ነው ሚገዛው፣ ያ ቁጥር የውስጡን አይነግርሽም። የኤስኤስዲ ውስጥ በዋናነት ሶስት ነገር ነው፣ ዳታው ሚቀመጥበት ናንድ፣ እሱን ሚያስተዳድረው ኮንትሮለር፣ እና በጥሩዎቹ ላይ ዲራም ሚባል ትንሽ ማስታወሻ፣ የቱ ዳታ የት እንዳለ ማውጫውን ሚይዝ። ርካሾቹ ዲራም የላቸውም። ሳታ ላይ ይሄ ይሰማል፣ ዲስኩ ሲሞላና ብዙ ስራ ሲደራረብበት ይንተባተባል። ኤንቪኤምኢ ላይ ግን ከላፕቶፑ ራም ጥቂት ሜጋባይት ተውሶ ማውጫውን እዛ ሚያስቀምጥበት ኤችኤምቢ ሚባል ዘዴ ስላለ ዲራም የለውም ብለሽ አትፍሪ። ለዚህ ነው እኔም ርካሽ ሳታ ከምትገዢ ርካሽ ኤንቪኤምኢ ይሻላል ምለው።

ሁለተኛው ናንዱ ነው። ቲኤልሲ ሚባለው በአንድ ሴል 3 ቢት ይይዛል፣ ኪውኤልሲ 4 ቢት። ኪውኤልሲ ይረክሳል ግን ሲጽፍ ይደክማል። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሚመስሉት ከራሳቸው ናንድ ቆርሰው እንደ ጊዜያዊ ማረፊያ ስለሚጠቀሙ ነው፣ ትልቅ ፋይል ስትጭኚበት ያቺ ማረፊያ ሞልታ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል፣ አንዳንዱ ኪውኤልሲ ያኔ ካሮጌው ሀርድ ዲስክሽ እኩል ወይ ከሱም በታች ይወርዳል። ዲስኩ በሞላ ቁጥር ማረፊያዋም ትጠባለች፣ ስለዚህ የትኛውንም ብትገዢ ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ባዶ ተዪለት።

ሶስተኛውና ሚያናድደኝ፣ ስሙ ሳይቀየር ውስጡ ሚቀየር አለ። ክሩሻል ፒ2 ሲወጣ ቲኤልሲ ነበር፣ 2021 ላይ በዛው ስም ኪውኤልሲ ሆኖ ተገኘ። ደብሊውዲ ብሉ ኤስኤን550ም በዛው አመት ናንዱ ተቀይሮ ማረፊያዋ ከሞላች በኋላ ሚጽፍበት ፍጥነት ወርዷል። ኪንግስተን ኤ400 እና ኤንቪ2ም አንዱ ሳጥን ካንዱ ሳጥን የተለየ ኮንትሮለርና ናንድ ይዞ ይገኛል። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ኤ400 ይሄው ስንት አሮጌ ላፕቶፕ ነፍስ ዘርቶበታል፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ያየሽው ሪቪው አንቺ እጅ ላይ ስላለው እቃ ላይሆን ይችላል።

ቤቲ_ሂሳብ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ያስረዳኝ ሰው የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅዎት፣ ሱቆቹ ቲቢደብሊው ሚሉት ምንድነው፣ 160 ያለውና 300 ያለው ብለው ዋጋ ሲያወዳድሩ ነበር። ሌላው ደግሞ ቦሌ አንድ ሱቅ ከካምፓኒ ላፕቶፕ የወጣ ሳምሰንግ ዩዝድ አለ አሉኝ፣ ከአዲሱ በጣም ይረክሳል፣ ይታመናል?

ጋሽ_ትራንዚስተር
አምራቹ ዋስትና ሚሰጥበት የጽሁፍ መጠን ነው፣ በቴራባይት። ኪንግስተን ኤ400 480 ጂቢው 160 ነው፣ ሳምሰንግ 870 ኢቮ 500 ጂቢው 300። አንቺ በቀን 20 ጂቢ ጻፍሽ ብንል፣ ሂሳብ ሰራተኛ ያን ያህል አይጽፍም ግን እንበል፣ በአመት 7.3 ቴራ ነው፣ 160ውን ለመጨረስ ከ20 አመት በላይ ይፈጅብሻል። ስለዚህ በሱ ተከራክረሽ ብር አትጨምሪ። የአመት ዋስትናውም ቢሆን፣ አንዱ 3 አንዱ 5 አመት ይላል፣ አዲስ አበባ ላይ ያንን ይዘሽ ማን ጋ ትሄጃለሽ? እዚህ ያለሽ ዋስትና የሻጩ ቃልና ደረሰኝ ነው። ቢበላሽ እቀይራለሁ ሚል ሰው ካገኘሽ ደረሰኙ ላይ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር አጽፊው።

የዩዝዱን ነገር ናቲ ይንገርሽ፣ እሱ በየቀኑ ነው ሚያየው።

ናቲ_ሃርድዌር
እኔ ዩዝድ እደግፋለሁ፣ ግን አይን ላለው ሰው። ከካምፓኒ ማሽን የወጡት እንደ ሳምሰንግ ፒኤም981 ያሉት ከብዙዎቹ አዲስ ርካሾች ይሻላሉ፣ ቲኤልሲ ናቸው ዲራም አላቸው፣ ለዴልና ለሌኖቮ ምናምን በጅምላ ሚሰሩ ስለሆነ ሳጥን የላቸውም እንጂ እቃው ጥሩ ነው።

ቼክ ምታደርጊው እንዲህ ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ ሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኢንስታል ማይፈልገውን አይነት ፍላሽ ላይ ጭነሽ ሂጂ፣ ሱቁ ላይ ማሽን አይጠፋም ዲስኩን ሰክተው ይክፈቱልሽ። ከላይ በግራ ሄልዝ ፐርሰንት አለ፣ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ አይቶ ይወጣል፣ አንቺ በስተቀኝ ያሉትን ሁለቱን አንብቢ፣ የበራበት ሰዓት እና ጠቅላላ የተጻፈ። 94 ፐርሰንት፣ 9000 ሰዓት፣ 20 ቴራ የተጻፈ ካለ በጣም ጥሩ ነው፣ ቢሮ ውስጥ የነበረ ማሽን ነው፣ ገና ብዙ ይሰራል። ሰዓቱ ትንሽ ሆኖ የተጻፈው 200 ቴራ ከሆነ ግን የቢሮ ስራ አይደለም፣ ተዪው። ከዛ ወደ ታች ዝርዝሩ ላይ ሚዲያ ኤንድ ዳታ ኢንተግሪቲ ኤረርስ ሚለው አለ፣ እሱ ዜሮ ካልሆነ ሻጩ ምንም ቢልሽ አትውሰጂ። አንሴፍ ሹትዳውን ብዛቱ አያስደንግጥሽ፣ ያ በሀይል የተጠፋበት ወይ ባትሪ ያለቀበት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጫፉ ላይ ያሉት ወርቃማ ጥርሶች ተፋፍቀው ሰዓቱ ዜሮ ካለ ቁጥሩን ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ቁጥር ማጥፋት ይቻላል፣ ጭረት ማጥፋት ግን አይቻልም። አዲስ ነው ታሽጓል ብለው ሸጠውልኝ ስከፍተው ሁለት ሺህ ምናምን ሰዓት የሰራ ሆኖ ያገኘሁት ሱቅ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ መለሱልኝ ግን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራክሬ ነው።

ሄለን_ሀዋሳ
ቤቲ ያን 1 ቴራ እንዳትነኪው!! እህቴ በኦንላይን ማስታወቂያ አይታ ተመሳሳዩን ገዝታ 64 ጂቢ ሆኖ ነው የተገኘው፣ የልጆቿ ፎቶ ግማሹ አይከፈትም አሁን

ካቻቢቴ
ሄለን እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። ውስጡ ያለው ትንሽ ቺፕ ነው፣ ፈርምዌሩ (ዲስኩን ሚያሰራው የውስጥ ፕሮግራም) ላይ ውሸት ተጽፎበት ለዊንዶውስ 1 ቴራ ነኝ ይላል። ፎርማት ስታደርጊው እሺ ይላል፣ ኮፒ ስታደርጊ እሺ ይላል፣ ቦታው ሲያልቅበት ከመጀመሪያ ጀምሮ በድሮው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሉ ስም ይታያል ውስጡ ግን የለም። ስለዚህ ሚከፈትላትን ፎቶ አሁኑኑ ሌላ ቦታ ኮፒ ታርግ፣ በዛ ዲስክ ላይ ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድም ነገር አትጻፍበት።

ማረጋገጫው ኤችቱቴስትደብሊው ሚባል የጀርመኖች አሮጌ ፕሮግራም ነው፣ ዲስኩን ጫፍ እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፣ ትንሽ ሰዓት ይፈጃል ግን አይዋሽም። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 አለ። ሱቅ ቆሞ መጨረስ አይቻልም፣ ከሻጩ ጋር ነገ ፈትሼ ካልሞላ እመልሳለሁ ብሎ ተስማምቶ መውሰድ ነው። እምቢ ካለ መልስ አገኘሽ።

በነገራችን ላይ ትክክለኛው 1 ቴራም ዊንዶውስ ላይ 931 ጂቢ ነው ሚለው፣ 500ው 465። ይሄ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፣ በሱ ከሻጭ ጋር አትጣሉ። ሳምሰንግ ሚል ከሆነ የራሱ ማጂሽያን ሚባለው ሶፍትዌር ላይ ጀንዩን መሆን አለመሆኑን ያሳያል፣ 980 ፕሮና 990 ፕሮ ፌኩ በዝቷል።

ቡርዱባይ
ሰላም ሀገር ቤት ያላችሁ። እኔ ዱባይ ነኝ፣ እዚህ ካሊድ ቢን አልወሊድ መንገድ ኮምፒውተር ሱቆቹ ጋ ሰሞኑን ስዞር ዋጋው ልኩን እየለቀቀ ነው። ኤአይ ዳታ ሴንተሮች ናንዱንም ራሙንም እየጠቀለሉት ስለሆነ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ላይ ነው ሚሄደው፣ ማይክሮን እንዲያውም ዲሴምበር 2025 ላይ ክሩሻል ብሎ ለተራ ተጠቃሚ ሚሸጠውን ስራ እተዋለሁ ብሎ አሳወቀ። ስለዚህ ይረክሳል ብሎ መጠበቅ ዘንድሮ አይሰራም። በሰው ማስመጣት ከፈለግሽ ኤም.2 ከማስቲካ አይበልጥም ቦርሳ ውስጥ አይታይም፣ ግን ቢበላሽ መልሶ ዱባይ መላክ ማለት ነው፣ ያንን አስቢ።

ጌመሩ_ከሳሪስ
ለኛማ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ከተለቀቀ ጀምሮ ነው ዋጋው የተለወጠው፣ ሱቁ ሁሉ ጠዋት የጠራውን ከሰዓት አይደግምልህም

ድሬ_ልጅ
ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው ሚውለው፣ ኤስኤስዲ መብራት ሲጠፋበት ይሞታል ሚሉት እውነት ነው? ለሱቄ ዴስክቶፕ ልገዛ ነበር ፈራሁ

ጋሽ_ትራንዚስተር
ላፕቶፕ ላይ ባትሪው በህይወት ካለ ምንም አይሆንም። ዴስክቶፕ ላይ በመጻፍ ላይ እያለ ቢቋረጥ እየተጻፈ ያለው ፋይል ሊጠፋ ይችላል፣ መጥፎ ቀን ከሆነ ማውጫው ራሱ ተበላሽቶ ዲስኩ ባዮስ ላይ አልታይም ሊል ይችላል። ለሰርቨር ሚሰሩት ላይ ትናንሽ ካፓሲተር አለ፣ መብራት ሲጠፋ የጀመሩትን ጽፈው ለመጨረስ ሚበቃ ጉልበት ይይዛሉ፣ እኛ ምንገዛቸው ላይ ግን የለም። ሀርድ ዲስክም ቢሆን በመብራት መቆራረጥ ይጎዳል ልጄ፣ ስለዚህ ኤስኤስዲውን አትፍራው፣ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚያቆይህ) ግዛ። ባለ 1 ቴራ ልትገዛ አስበህ ከሆነ 500 አድርገውና የቀረውን ለዩፒኤሱ ጨምርበት።

ቤቲ አንቺም ስሚኝ፣ ሀርድ ዲስክ ሲሞት ያንቋቋል ያዘግማል፣ ጊዜ ይሰጥሻል። ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ማታ ሰርቶ ጠዋት የለም። የተሰረዘንም ማስመለስ ከባድ ነው፣ ዊንዶውስ ትሪም ሚባለውን ትእዛዝ ስለሚልክ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። የፒችትሪ ባክአፑን በየቀኑ አሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። በተቃራኒው ኤስኤስዲ ላይ ባክአፕ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ለአመታት መርሳት አይሆንም፣ ጄዴክ ሚባለው የኢንዱስትሪው መለኪያ ራሱ ያረጀ የግል ኤስኤስዲ ያለ መብራት በ30 ዲግሪ ሙቀት እንዲይዝ ሚጠብቅበት 1 አመት ነው፣ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ደግሞ አስቡት።

ድሬ_ልጅ
😅 ገባኝ ጋሼ፣ ዩፒኤሱን እገዛለሁ

ቤቲ_ሂሳብ
ሰላም በድጋሚ። ዩዝዱን ሄጄ አየሁት፣ ናቲ እንዳልከው ክሪስታልዲስክኢንፎ ክፈቱልኝ ስላቸው አንዱ ማሽኑ ስራ ላይ ነው አለኝ ሌላው ደግሞ ምን ትጠራጠሪያለሽ ብሎ ተቆጣኝ፣ ወጣሁ። በመጨረሻ ፒያሳ አንድ ልጅ ደብሊውዲ ብሉ ኤስኤን580 500 ጂቢ አዲስ አለው፣ ፈትሸሽ መልሺ ደረሰኝ ላይ ሲሪያሉንም እጽፋለሁ ብሏል። ከዛ ኤ400 480ው ይረክሳል ግን በብዙ አይደለም። ልውሰደው? ሌላው ጭንቀቴ ፒችትሪውን እንደገና ማስጫን አልፈልግም፣ የጫነልኝ ሰው የለም አሁን።

ካቻቢቴ
ውሰጂው። ጄን4 ነው ያንቺ ላይ በጄን3 ይሰራል፣ ግን ዋጋው የጄን4 አይነት ስላልሆነ ምንም አላባከንሽም፣ ቲኤልሲ ነው፣ ለመካከለኛ ስራ ከዛ በላይ አያስፈልግሽም።

ስትገዢ ትንሿን ብሎን ጠይቂው! ሀርድ ዲስክ ይዘው የመጡ ላፕቶፖች ላይ የኤም.2 ብሎኗ ብዙ ጊዜ የለችም፣ ዲስኩን ስትሰኪው ወደ ላይ ቀና ብሎ ነው ሚቀመጠው፣ ጫፉን ተጭነሽ በሷ ካላሰርሽው አይሆንም። ሰው በፕላስተር ሲለጥፈው አይቻለሁ፣ እንዳታደርጊው።

ለፒችትሪው ክሎን አድርጊ፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ ገልብጪው፣ አዲስ ዊንዶውስ አትጫኚ። ሁለቱም ዲስክ ውስጡ አብረው ስለሚገቡ የዩኤስቢ ኬዝ መግዛት አያስፈልግሽም። ክዳኑን ከፍተሽ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀዪ፣ ከዛ አዲሱን ሰክተሽ ባትሪውን መልሰሽ ክሎን ሚያደርገው ክሎንዚላ በተጫነበት ፍላሽ ተነሺና አሮጌውን ወደ አዲሱ ገልብጪ፣ የቱ ምንጭ የቱ መድረሻ እንደሆነ ሶስቴ አንብቢ ምክንያቱም ከተገለባበጠ ባዶው በሞላው ላይ ይጻፋል። የመድረሻው መጠን ከምንጩ ካነሰ ክሎንዚላ ይከራከርሻል፣ ያንቺ ግን 500 ለ500 ነው። ኤ400ውን ብትወስጂ ኖሮ 480 ስለሆነ መጀመሪያ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍፍል) ማሳነስ ይጠበቅብሽ ነበር። ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቺው አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ነቅለሽ ክፈቺ፣ ሁለቱ አንድ አይነት መለያ ስለሚኖራቸው ዊንዶውስ ይምታታበታል። በደንብ መነሳቱን ካየሽ በኋላ ነው አሮጌውን መልሰሽ ምትሰኪውና ፎርማት ምታደርጊው፣ እሱንም ለተወሰነ ጊዜ ሳትነኪው ብትቆዪ ይመረጣል።

ናቲ_ሃርድዌር
+1፣ ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉን አቁሟል፣ 6ኛ ጄነሬሽን ደግሞ ለዊንዶውስ 11 በይፋ አይፈቀድም፣ ለግለሰብ ሚሰጠው የተራዘመ ሴኪዩሪቲ አፕዴት እስከ ኦክቶበር 2026 ስላለ እሱን ኢንሮል አድርጊ። ክሎኑ እንዳለ ይዞት ይሄዳል።

ቤቲ_ሂሳብ
ገዛሁት፣ ብሎኗን ስጠይቀው ልጁ ሳቀና ከመሳቢያ አውጥቶ ሶስት ሰጠኝ። ክሎኑን የወንድሜ ልጅ ነው የሰራልኝ። ከዛ ኤችቱቴስትደብሊውውን ባዶው ቦታ ላይ አስኬድኩት ያለ ኤረር ጨረሰ። ፒችትሪ ጠቅ ሳደርገው ይከፈታል በቃ፣ ኤክሴሉ ጭራሽ ሌላ ማሽን ሆኗል። ራሙን ደሞዝ ሲወጣ አያለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ጋሼ በተለይ እርስዎን።

ሄለን_ሀዋሳ
እንኳን ደስ ያለሽ። የእህቴን ፎቶ ወደ ግማሽ ሚጠጋውን አዳንነው፣ ሻጩ ስልክ አያነሳም

አዲስ_ገቢ
ክሩን ሙሉ አነበብኩት። የኔ 840 ጂ1 ነው፣ እኔም ኤስኤን580 ልግዛ?

ካቻቢቴ
አይ አትግዛ፣ ጂ1 ላይ ያለችው ኤም.2 አጭሯ ባለ 42 ሚሊሜትሯ ናት፣ ኤንቪኤምኢ አትቀበልም ባለ 80ውም አይገባም። አንተ 2.5 ኢንች ሳታ ውሰድ፣ ባለ 7 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ከተገኘ ዲራም ያለውን እንደ 870 ኢቮ ያለውን፣ ካልሆነ ኤ400 ወይ ክሩሻል ቢኤክስ500 ይበቃሃል። ገዝተህ ስትመጣ የክሪስታልዲስክኢንፎውን ፎቶ እዚህ ለጥፈው እናየዋለን።